በፈቃዷ ለበፈቃዱ

ሲልቨር ስፕሪንግ
ኦክቶበር 20 ቀን 2013

ውድ አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው በዚያ እሁድ፣ በቤተሰባችን ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ አጎቴ ሙላቱ የሳቁ ጊዜ ነው።

አንተ መነጽርህን ረስተህ፣ ወረቀቱን ከዓይንህ ራቅ አድርገህ ይዘህ ታነብ ነበር። «ልጄ ንግስት የአለቃ ልዑልሰገድን የትውልድ መዝገብ በፈቃዷ ለወንድሜ ልጅ ለበፈቃዱ አስተላልፋለች» አልክ። አጎቴ ሙላቱ ጠረጴዛው ላይ ከታደለው ወረቀት የራሳቸውን አነሱና፣ «ተሻገር፣ እኔ ጋ ያለው እኮ ‹በፈቃዱ ለበፈቃዱ› ነው የሚለው» ብለው ሳቁ። ከኋላ አንዱ «ቅኔ ነው እንዴ?» አለ። አሌክሳንድሪያ፣ አጎቴ የሚኖሩበት አፓርታማ ሥር ያለው ፓርቲ ሩም በሞላ ሳቀ። አንተም ሳቅህና «አንድ ፊደል ናት፣ ፊደል ተሳስታ ነው» አልክ።

ወረቀቱን የተየበው በፈቃዱ ራሱ ነው። የአጎቴ ልጅ ክፋት የለበትም። ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፤ ከተጻፈለት እያየ ካልሆነ በአማርኛ መተየብ የሚችለው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እሱም የገዛ ስሙ። «በፈቃዷ» የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ የለመደውን ጻፈ። እና ልንገርህ አባዬ፣ ወረቀቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ያንተ ንባብ ነው። እኔ የፈቀድኩት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ያንተ ንግግር ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሁለት እጆቼ ናቸው። ሰው ሲያጨበጭብ አብረው ተነሱ፤ ማንም አላዘዛቸውም።

ይህን ደብዳቤ በአንቱ ልጽፈው አስቤ ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን እንግዳ ፊት አንቱ ብልህ «አንቱን ለአጎትሽ አስቀምጪው፣ እኔ አባትሽ ነኝ» ብለኸኛል። ስለዚህ የምቆጣህም በአንተ ነው። በአንቱ ብጽፍልህ እርቅህ ነበር። እኔ መራቅ አልፈለግሁም፤ እንድትሰማኝ ነው የፈለግሁት።

ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያነበው ለአንድ አሮጌ መዝገብ ይህ ሁሉ ቁጣ ምንድን ነው ይል ይሆናል። አንተ ግን ታውቀዋለህ። አያትህ አለቃ ልዑልሰገድ ደብረ ታቦር ላይ ጀመሩት፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የት እንደሄደ በቀይና በጥቁር ቀለም እየጻፉ ኖሩ። ወንዶች ልጆቻቸው ከፊደል እየሸሹ ሲያድጉ ሴቷ ልጃቸው አባቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ስለተማረች መዝገቡ ለእሷ ሆነ። እሷም እናትህ ናት፣ እማማ አሰፋሽ። አርባ ዓመት ጻፈችበት። በፈረንጅ 1999 ዲቪ ደርሶን ስንወጣ በነጠላ ጠቅልላ ለአንተ ሰጠችህ። መዝገቡ ወደ አንተ የመጣው በእናትህ በኩል ነው። ይህችን ነገር ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤታችን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እያነበብክልኝ አንድ መስመር ላይ ደረስክ። «ልጆቹ፦ ካሳ፣ ደምሴ፣ ሁለት ሴቶች።»

«ሁለቱ ሴቶች ማን ይባላሉ?» አልኩህ።

«አልተጻፈም።»

«ስም የላቸውም?»

«ይኖራቸዋል እንጂ» አልክ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የስልክ ካርድ ገዝተህ መጣህ፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀህ ስልኩን ሰጠኸኝ። እንዲህ ነው የጀመርነው። ስምንት ዓመት ደወልኩ። ደብረ ታቦር፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አንዴም ካርቱም። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ካርዱ እያለቀ፣ የማላውቃቸው አሮጊቶች «የማን ልጅ ነሽ?» እያሉ ቀድመው እኔን እየጠየቁ፣ «ሴት» ተብለው ብቻ ከተቆጠሩት ውስጥ የሠላሳ አንዱን ስም አገኘሁ። ሠላሳ አንዱንም በገዛ እጄ ጻፍኳቸው።

ከሠላሳ አንዱ የመጨረሻዋ ማን እንደነበረች ታስታውሳለህ። አለቃ ልጆቻቸውን በዘረዘሩበት ገጽ ላይ የወንዶቹ ስም አለ፣ ከሥሩ «ሴት አንድ» ይላል። ያቺ ሴት አንድ፣ እማማ አሰፋሽ ናት። አርባ ዓመት በያዘችው መዝገብ ውስጥ የራሷ ስም አልነበረም። ደወልኩላትና «እማማ፣ የሁሉን ሰው ስም ስትጽፊ የራስሽን ለምን አልጻፍሽውም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ ልጄ» አለችኝ። ቅር ብሏት አልነበረም። ዛሬ ዝናብ የለም እንደሚል ሰው ነበር ያለችው።

ስኮትላንድን ወደ ቤታችን ያመጣሃት ደግሞ አንተ ነህ። አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት አጠገብ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ስታቆም በነበርክበት ጊዜ፣ አንድ የዲሴምበር ቅዳሜ እማዬ ሆቴል ሥራ ስለገባች ይዘኸኝ ሄድክ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣ ጉርድ የለበሱ ወንዶች በዚያ ብርድ ጉልበታቸው ቀልቶ፣ ከረጢት ያለው ዋሽንት እየነፉ በፊታችን አለፉ። አብሮህ የሚሠራው ጋሽ መስፍን «ተሻገር፣ እነዚህ የሚስቶቻቸውን ነው የለበሱት?» አለህ። አንተ ግን መኪናውን ሊወስድ የመጣውን ሽማግሌ በዚያ ባልተቃናው እንግሊዝኛህ ጠየቅኸው። እሱም የእያንዳንዱ ጨርቅ መስመርና ቀለም የአንድ ዘር መለያ እንደሆነ ነገረህ። ወደ እኔ ዞረህ ያልከኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አየሽ ንግስቴ፣ እነዚህም መዝገብ አላቸው፤ ይለብሱታል።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ሳጠና የመመረቂያ ጽሑፌን በስኮትላንድ ነገሥታት የአልጋ ውርስ ላይ ያደረግሁት በዚያ ቅዳሜ ምክንያት ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ እያተምኩ እሰጥህ ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ባለችው የትኬት ክፍል ከመዝገበ ቃላትህ ጋር ታነበዋለህ። በጥንቱ ልማዳቸው አልጋው ከአባት ወደ ልጅ እንደማይወርድ፣ ንጉሡ በሕይወት ሳለ ከዘመዶቹ መሀል ብቁ የሆነው ታኒስት ተብሎ ተመርጦ እንደሚጠብቅ ስታነብ ደስ አለህ። «ይሄ ነው ልኩ፣ የሚችል ይያዘው» አልክ። ከወንድ በቀር አይመረጥም ብልህ «እዚያ ላይ ተሳስተዋል» አልክ። ሦስተኛው አሌክሳንደር ከፈረስ ወድቆ ሲሞት የቀረችው ወራሽ ኖርዌይ ያለች ሕፃን የልጅ ልጁ ብቻ እንደነበረች፣ እሷም በሰባት ዓመቷ ወደ መንግሥቷ ስትመጣ መንገድ ላይ እንደሞተች ሳነብልህ ራስህን ነቀነቅህ። ከእሷ በኋላ አሥራ ሦስት ወንዶች የዘር ሐረጋቸውን እየቆጠሩ ዙፋኑ ይገባኛል ብለው እንደመጡ ስነግርህ ግን ሳቅህ። «አሥራ ሦስት ብቻ? ከኛ ማኅበር ይሻላሉ።»

የጽሑፌ ልብ ግን ማርጆሪ ነበረች። የሮበርት ብሩስ ልጅ። አባቷ ንጉሥ ነኝ ባለ ጊዜ ጠላቶቹ ማረኳት፤ ገና አሥር ዓመቷ ገደማ ነበር። ስምንት ዓመት እንግሊዝ አገር ታሰረች፣ የአባቷ ልጅ ስለሆነች ብቻ። አባቷ ጦርነቱን አሸንፎ አስፈታት። ዓመት ሳይሞላት፣ በ1315፣ ኤር በምትባል ከተማ መኳንንቱ ተሰብስበው ንጉሡ ወንድ ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ዙፋኑ ለወንድሙ ለኤድዋርድ ይሁን ብለው ጻፉ። ምክንያቱም ኤድዋርድ ጦር የሚያውቅ ብርቱ ሰው ነው። ይህም የሆነው፣ ይላል ሰነዱ፣ በንጉሡና በልጁ በማርጆሪ ፈቃድ ነው።

በማርጆሪ ፈቃድ። እሷ የተናገረችው አንድ ቃል የትም አልተመዘገበም። የተመዘገበው መፍቀዷ ብቻ ነው።

ያንን ገጽ ስትመልስልኝ ዳር ላይ በእርሳስ የጻፍከው ነገር ነበር። እስካሁን አለኝ፣ አሁንም ከፊቴ ነው። በዚያ ከአያትህ በወረስከው ቁም ጽሕፈት፣ «ማን ጠየቃት?» ይላል። መምህሬ በቀይ ስክሪብቶ ብዙ ጻፈልኝ፤ ካንተ ሁለት ቃል የሚበልጥ ግን አልጻፈም።

አሁን ወደዚያ እሁድ ልመልስህ። መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች ባንተ መኪና ነው የተመለስነው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ «ጥሩ ዝግጅት ነበር» አልክ።

«አባዬ፣ መቼ ነው የፈቀድኩት?»

«ሐሙስ ደውዬልሽ አልነበር?»

«ደውለሃል።»

«‹መዝገቡን በፈቃዱ ይያዘው?› ስልሽ ‹እሺ አባዬ፣ ይያዘው› አላልሽም?»

ብያለሁ። አልክድም። ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ልጆች ለምሳ አሰልፌ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ እሺ ይያዘው ብያለሁ። መኪና ስለሌለኝ መዝገቡን ከቤት ወስዶ ወደ አዳራሹ ይዞት እንዲመጣ የምትጠይቀኝ ነበር የመሰለኝ።

«በመኪናው ይዞት ይምጣ ማለትህ መስሎኝ ነው» አልኩህ።

«እንግዲህ ይዞት መጣ» አልክ፣ መንገዱን እያየህ።

«ይዞትም ሄደ።»

አልሳቅህም። «አጎትሽን ታውቂዋለሽ» አልክ። «ሴት ልጅ ነገ ታገባለች፣ መዝገቡ የሰው ቤት ይገባል እያለ ሁለት ዓመት ነዘነዘኝ። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። ሰላም ይሻላል ብዬ ነው። ስምሽ እንደሁ ከመዝገቡ አልጠፋ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አልተሳሳትክም። «ይያዘው» የምትለዋን ቃል መርጠሃታል። «መዝገብ ያዥነቱን ለበፈቃዱ ልስጠው ወይ?» ብለህ ብትጠይቀኝ መልሴን ታውቀው ነበር። ስለዚህ ሁለት ትርጉም ያላት ቃል ፈልገህ፣ ሥራ ላይ ሆኜ በምጣደፍበት ሰዓት ደወልክ፣ የለመድኩትን «እሺ አባዬ» ተቀበልክና ፈቃድ አደረግኸው። እኔ ላንተ እሺ ሳልል የቀረሁበትን ቀን አስታውሰህ ንገረኝ። እሺታዬ ላንተ ምን ጊዜም በራሱ የሚከፈት በር ነበር። በዚያ በር ነው የገባህብኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይተህ ለእማማ አሰፋሽ ሙት ዓመት ወደ ደብረ ታቦር ሄድክ። ኤርፖርት አልሸኘሁህም። ሻንጣህን ይዘህ በር ላይ ቆመህ ስትጠብቀኝ ከላይ በመስኮት አይቼሃለሁ። ያን ጊዜ መኪናዬ ተሠርታ ደጅ ቆማ ነበር። ይህንንም እንድታውቀው ብዬ ነው።

ከሄድክ በኋላ የሆነውን ደግሞ ልንገርህ፣ ብትስቅም አልከፋም። ባለፈው ማክሰኞ በፈቃዱ በስልክ ሁለት ፎቶ ላከልኝ። በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፍልኝ፤ እኔ በአማርኛ አዙሬ ነው የምነግርህ። የመጀመሪያው የመዝገቡ አንድ ገጽ ነው። «ንግስቴ ሶሪ፣ ይሄ ምን ይላል? አባዬ ለሙት ዓመቱ የቤተሰቡን ስም ዝርዝር ላክ ብሎኝ ነው» ይላል፤ አባዬ ያለው አጎቴን ነው። የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው። በሠላሳ አንዱ ሴቶች ስም የተሞላው ገጽ። የመዝገቡ ያዥ የያዘውን ማንበብ አቅቶት የቀማትን ሰው ጠየቀ። አነበብኩለት፤ ሴቶቹ ምን አጠፉ።

ሁለተኛው ፎቶ የመጨረሻው ገጽ ነበር። አይቼው አላውቅም ነበር። ባንተ እጅ፣ በጥቁር ቀለም፣ «ንግስት ተሻገር መዝገቡን በፈቃዷ ለበፈቃዱ ሙላቱ አስተላልፋለች» ብለህ ቀኑን ጽፈህበታል። ቀኑ ሐሙስ አይደለም፣ ረቡዕ ነው። ሳትደውልልኝ በፊት ነው የጻፍከው።

በፈቃዱ ከሥሩ «ይሄኛውስ?» ብሎ ጠይቆኛል። «‹ማን ጠየቃት?› ይላል» ብዬ መለስኩለት። ትንሽ ቆይቶ «የጥያቄ ምልክት ግን አይታየኝም» አለኝ። እዚያ ላይ ልጁ እውነቱን ነው። የጥያቄ ምልክት የለበትም።

ያዝልኝ ያልኩህን ነገር አሁን መልስልኝ። አጎቴ ሙላቱ መዝገቡ በሴት እጅ የሰው ቤት ይገባል ይላሉ። እማማ አሰፋሽ የአያቴን የመርዕድን ቤት ስትገባ መዝገቡን ይዛ ነው የገባችው። የሰው ቤት ማለት ያ ነው። እዚያ የሰው ቤት ነው አንተም አጎቴም የተወለዳችሁት። እናንተ የአለቃ ልዑልሰገድ ልጆች ነን ብላችሁ ማኅበር ያቆማችሁት በሴት በኩል ቆጥራችሁ ነው። እኛ ሀገር ሰው በእናቱም ይቆጠራል፤ ይህን ለእኔ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በእናታችሁ ትከሻ ወጥታችሁ ስታበቁ መሰላሉን ከእኔ ሥር ሳባችሁት።

የማርጆሪን መጨረሻ ደግሞ አንብበኸዋል። ብርቱው ኤድዋርድ የስኮትላንድ ንጉሥ ሳይሆን ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። ሮበርት በስተርጅና ወንድ ልጅ ወለደ፣ እሱም ነግሦ ልጅ ሳይወልድ አለፈ። ያን ጊዜ አገሩ ወራሽ ሲፈልግ የሄደው ወደ ማርጆሪ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የነገሡት ሁሉ ፈቅዳለች ተብላ ከታለፈችው ሴት የመጡ ናቸው። እሷ ግን ይህን አላየችም፤ ገና በወጣትነቷ ሞታ ነበር። ሰነዱ ላይ እስከ ዛሬ እንደፈቀደች ነው። በኤር አዳራሽ ውስጥ እሷም ሳታጨበጭብ የቀረች አይመስለኝም።

እኔ ግን አልሞትኩም፣ መጻፍም እችላለሁ።

መዝገቡን መልስልኝ ብዬ አልለምንህም። በፈቃዱ ይያዘው፤ በመኪናውም ይያዘው፣ በእጁም ይያዘው። እያንዳንዱን ስም በቃሌ አውቀዋለሁ። ስትመለስ ግን በራስህ እጅ፣ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም፣ ያን የመጨረሻ መስመር ሰርዘህ ከጎኑ እነዚያን ሁለት ቃሎችህን ትጽፋቸዋለህ፣ የጥያቄ ምልክቱ ሳይቀር። አጎቴ ሙላቱም በተገኙበት ጮክ ብለህ ታነበዋለህ። የወንድማማች ሰላማችሁ በዚህ የሚፈርስ ከሆነ፣ ድሮም የቆመው በእኔ ዝምታ ላይ ነበር ማለት ነው።

እስከዚያ ድረስ የማልቀበለውን እወቅልኝ። ሳልጠየቅ በተመለሰ መልስ አላጨበጭብም። ‹እሺ አባዬ› የምልህ ስለማከብርህ ነው፤ ፊርማ አድርጎ የሚያነበውን ሰው ከእንግዲህ አልቀበልም፣ አንተም ብትሆን። ንግስት ብለህ ስም አውጥተህልኝ ስታበቃ አልጋው ለወንድ ነው ስትለኝም አልሰማህም። ከሁሉ በላይ ግን፣ በሕይወት እያለሁ፣ በስሜ አጠገብ «በፈቃዷ» የሚል ቃል ሌላ ሰው እንዲጽፍ አልቀበልም። እሱን ቃል የምጽፈው እኔ ነኝ። እስካሁን አልጻፍኩትም።

ሙት ዓመቱ ላይ የእማማ አሰፋሽን ስም ሲጠሩ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አብረህ ጥራልኝ።

ልጅህ፣
ንግስት ተሻገር አሰፋሽ